በሊንክ የተላከ ዋጋ የስንት ሰዓት ነው?

የዋጋ ዝርዝርን በክላውድ ማከማቻ አስቀምጦ ለደንበኛና ለደላላ አንድ ሊንክ መላክ ለነጋዴው ድካም ይቀንሳል። ፋይሉ ሲለወጥ ሊንኩ ያው ስለሆነ፣ የከፈተው ሁሉ አዲሱን ዋጋ ያያል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ይህ እምነት ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል።

አንድ የቆርቆሮ ጅምላ ነጋዴ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ በአንድ ቆርቆሮ 25 ብር ጨምሮ ፋይሉን ቀየረ እንበል። በራሱ መለያ ገብቶ ሲያየው አዲሱ ዋጋ ተቀምጧል። ደላላው ግን በ3፡30 ሊንኩን ከፍቶ ያገኘው የቀድሞውን ነው። በዚያው ዋጋ ለ1,000 ቆርቆሮ ፕሮፎርማ ቢያሰጥ ልዩነቱ 25,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው «ቀይሬአለሁ»፣ ደላላው «አላየሁም» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ነገሩ ከብልሽት የመጣ ሳይሆን የታወቀ አሠራር ነው። በጉግል ክላውድ ማከማቻ ለሕዝብ ክፍት የተደረገ ፋይል፣ ባለቤቱ ሌላ ትዕዛዝ ካልሰጠ በቀር፣ ቅጂው በመካከለኛ ሰርቨሮችና በተጠቃሚው ስልክ ለ3,600 ሰከንድ ማለትም ለአንድ ሰዓት እንዲቆይ ይፈቀዳል። ጊዜው የሚቆጠረው ቅጂው ከተወሰደበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። በ2፡50 የተወሰደ ቅጂ እስከ 3፡50 ሊታደል ይችላል። በመለያው የሚገባው ባለቤት በዚህ መንገድ ስለማያልፍ መዘግየቱ አይታየውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው የአማዞን ኤስ3 ማከማቻም ፋይል ሲተካ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውን ሊያሳይ ይችል ነበር። ኩባንያው በዲሴምበር 2020 ይህን አስወግዷል። ሆኖም ከማከማቻው ፊት ክላውድፍሮንት የተባለው የማሠራጫ አገልግሎት ከተተከለ፣ የተለየ ትዕዛዝ በሌለበት ቅጂው 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ኩባንያዎቹ ቅጂ የሚይዙት ፋይሉ በፍጥነት እንዲከፈትና ዋናው ማከማቻ እንዳይጨናነቅ ነው። ለማይለወጥ ፎቶግራፍ ይህ ጥቅም ነው። ለዋጋ ዝርዝር ግን አንድ ሰዓት ብዙ ነው፤ በተለይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመን ከቀን ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ዕቃ አስመጪው ዋጋውን ቶሎ ቶሎ መከለስ ይኖርበታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፋይሉ ሲጫን «ቅጂ አይያዝ» የሚለውን ትዕዛዝ አብሮ መስጠት ይቻላል። ትዕዛዙ የሚሠራው ግን ለወደፊቱ ነው፤ ቀድሞ የወጣ ቅጂ ጊዜው እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ሲለወጥ ለፋይሉ አዲስ ስም ሰጥቶ አዲስ ሊንክ መላክ ይበልጥ ያስተማምናል፤ አዲስ ስም አሮጌ ቅጂ የለውምና። ለውጡን ለማረጋገጥም ከመለያ ወጥቶ በሌላ ስልክ መክፈት ይሻላል።

ከሁሉም የሚቀለው በዝርዝሩ አናት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ መጻፍ ነው። ደላላውም ሰዓት ያልተጻፈበትን ዝርዝር ይዞ ለገዢ ቃል ከመግባቱ በፊት ስልክ ቢደውል ይበጀዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?