ጓጉንቸሩ ሳይነካ የተከፈተው በር

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ መምህር ቤት በሌባ ተሰበረ። ራዲዮውና ብርድ ልብሱ መሄዱ ሳያንስ፣ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት የነበረበት ቦርሳም አብሮ ሄደ፤ ተማሪዎቹም ያለጥፋታቸው ዳግመኛ ለፈተና ተቀመጡ። ሁላችንን ያስገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። በደኅና ዋጋ የተገዛው ጓጉንቸር አንድ ጭረት እንኳ ሳይነካው እንደተቆለፈ ተገኘ። ሌባው የነቀለው ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት ነው፤ ብረቱ ከመቃኑ ጋር የተያያዘው በአራት አጫጭር ሚስማሮች ብቻ ነበርና።

በጉዳዩ ላይ በመምህራን ክፍል ብዙ ተነጋገርንበት። ለፊዚክስና ለሒሳብ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በየቤቱ የምናየው ባለ ጥርስ ጠፍጣፋ ቁልፍ፣ ሊነስ ዬል የተባሉ አሜሪካውያን አባትና ልጅ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካዳበሩት መቆለፊያ የመጣ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ግን በጥንት ግብፅ የእንጨት መቆለፊያ ላይም ይገኛል። በመቆለፊያው ሆድ ውስጥ የሚዞር ሲሊንደር አለ። አምስት ያህል ቀዳዳዎች ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ይነባበራሉ፤ ሞላም ወደ ታች ይገፋቸዋል። ቁልፍ ባልገባ ጊዜ የላይኛው ዘንግ ግማሹ በሲሊንደሩ፣ ግማሹ በማቀፊያው ውስጥ ስለሚሆን ሲሊንደሩ አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሡታል፤ የሁለቱ ዘንጎች መገናኛም ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ በሩ ይከፈታል።

አንዱ ጥርስ ስድስት ዓይነት ከፍታ ይኖረዋል ብንል፣ በአምስት ጥርስ 6×6×6×6×6፣ ማለትም 7776 ልዩ ልዩ ቁልፍ ይወጣል። ቁጥሩ ያኮራል። ነገር ግን የትኛውም ፋብሪካ ዘንጎቹን ፍጹም እኩል አድርጎ ሊሠራ አይችልም። ሲሊንደሩ በጥቂቱ ሲጠመዘዝ ሁሉም ባንድነት አይጠብቁም፤ አንዱ ቀድሞ ይያዛል። ስለዚህ ባለሙያ የሆነ ሰው አንድ በአንድ መፈለግ ይችላል፤ ማባዛቱ ቀርቶ መደመር ይሆናል፣ 6+6+6+6+6፣ ማለት 30። ተማሪዎቻችን ከዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

ለንደን ውስጥ የጆሴፍ ብራማ ኩባንያ አንድ መቆለፊያ በሱቁ መስኮት አኑሮ፣ ያለቁልፍ ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ከ1790 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስታውቆ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1851 እ.ኤ.አ.፣ ኤ. ሲ. ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ከፈተው። ሥራው በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ፈጀበት። ታዲያ 51 ሰዓት ያለው ሌባ የት ይገኛል? የመቆለፊያ ጥንካሬ የሚለካው በሚያስፈጀው ጊዜ ነው፤ ሌባም ጊዜውን ለመቆጠብ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል።

የመምህሩን በር እንደገና እንመልከት። ረዘም ያለ ብረት ከመደገፊያው እስከ እጅ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከመደገፊያው እስከ ሚስማሩ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ ሃያ እጥፍ ይሆናል። 300 ኒውተን የገፋ ሰው በሚስማሩ ላይ 6000 ኒውተን ያሳርፋል፤ ይህም የስድስት ኩንታል ክብደት ያህል ነው። አጭር ሚስማር ይህን አይችልም።

ስለዚህ ብረቱን በሚስማር ፈንታ እንጨቱን ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን ማሰርና ዳዶውን ከውስጥ ማጥበቅ ይገባል። የብሎኑ አናት ክብና ለስላሳ ቢሆን ከውጭ የሚይዘው መፍቻ አይገኝም። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያውም ከውጭ ይታያልና እርሱንም መመርመር ነው። በጭቃ ቤት ደግሞ መቃኑ ራሱ በግድግዳው ውስጥ ይወዛወዝ እንደሆነ በእጅ እየገፉ ማየት ያሻል። ቁልፍን ከደጃፍ ድንጋይ ሥር ስለ መደበቅ ብዙ አንልም፤ ቦታውን ሌባው ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቀዋል።

በመስኮት ላይ ፌሮ ስለ ማስበየድ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሌባን የሚከለክል ብረት በእሳት ጊዜ የቤቱንም ሰው ይከለክላል። ቢያንስ የአንዱ መኝታ ክፍል ፍርግርግ በማጠፊያ ከውስጥ የሚከፈት ሆኖ ይሠራ፤ ቁልፉም ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል፤ ልጆችም በጨለማ እየዳሰሱ ማግኘትን ይለማመዱ።