ሴቶች በኬንያ እንዴት አገረ ገዥ ይሆናሉ? ምንስ ያስከፍላቸዋል?

ኬንያ ውስጥ 47 ካውንቲዎች አሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠው አንድ አገረ ገዥ አለው። በ2013 የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ አንዲትም ሴት አላሸነፈችም። በ2017 ሦስት ሴቶች አሸነፉ። በ2022 ደግሞ ሰባት ሆኑ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

ከ47 ሰባት ብዙ አይደለም። ሆኖም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ እዚህ የደረሰ ቁጥር ነው። እነዚህ ሴቶች ከየት መጡ? ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላስ ምን ገጠማቸው? ጎረቤት አገር ነው፣ ዘመድ ወዳጅም ናይሮቢ ያለን ብዙ ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በመጀመሪያ ካውንቲ ምንድን ነው? እንደ እኛ ክልል ነው ብለው አስበው ሊሆን ይችላል፤ አይደለም። ኬንያ ፌዴራላዊ አገር አይደለችም። ካውንቲ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ በጀት አለው፤ ፖሊስ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ይህ አሠራር የመጣው በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ በስምንት ክፍለ ሀገሮች ተከፍላ ፕሬዚዳንቱ በሚሾማቸው ኃላፊዎች ትተዳደር ነበር። አዲሱ ሕግ ሥልጣኑንም ገንዘቡንም ወደ ታች አወረደው።

ወደ ታች የወረደው ቀላል ነገር አይደለም። የካውንቲ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ ግብርና፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የውስጥ መንገዶች፣ ውኃና ገበያ በአገረ ገዥው እጅ ናቸው። ማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰበስበው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶውን ለካውንቲዎች እንዲያካፍል ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል። በ2022/23 የበጀት ዓመት ይህ ድርሻ 370 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር። ናኩሩ ካውንቲ ብቻውን ወደ 13 ቢሊዮን ሽልንግ ደርሶታል። አንዲት እናት የምትወልድበት ክፍል አልጋና መብራት ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ይህ ቢሮ ነው። ማን እንደሚቀመጥበት ግድ የሚለንም ለዚህ ነው።

ምርጫው እንዴት ነው የሚካሄደው? ቀላል ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም። ተወዳዳሪው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፣ ምክትሉንም ይዞ ነው የሚቀርበው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ሲሆን አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ በዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ላንሳ። «ኬንያ ለሴቶች ኮታ የላትም እንዴ?» ኮታ ማለት በሕግ የተያዘ የወንበር ድርሻ ነው። አላት። ሕገ መንግሥቱ በምርጫም ሆነ በሹመት በሚቋቋም አካል ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የአንድ ጾታ ሰዎች እንዳይሆኑ ይከለክላል። በካውንቲ ምክር ቤቶች ይህ ይሠራል፤ የተመረጡት ሴቶች ካነሱ ፓርቲዎች ተጨማሪ ሴቶችን ያስገባሉ። በብሔራዊው ፓርላማ ግን አልተሟላም። በዚህም ምክንያት በ2020 የወቅቱ የአገሪቱ ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ ፓርላማው እንዲበተን ፕሬዚዳንቱን እስከመምከር ደርሰዋል። ፓርላማው ግን አልተበተነም።

የአገረ ገዥነት ወንበር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንበሩ አንድ ነው። አንድን ወንበር ለሁለት ማካፈል አይቻልም። ስለዚህ እዚያ የደረሰች ሴት ሁሉ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ፣ የካውንቲውን ሕዝብ ድምፅ አግኝታ ነው የደረሰችው።

ታዲያ ኮታው ለአገረ ገዥነት ምንም አልጠቀመም ማለት ነው? እንደ እኔ እምነት በጣም ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን ዞሮ ነው። በእያንዳንዱ ካውንቲ ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት አንድ የብሔራዊ ፓርላማ ወንበር አለ፤ «የሴት ተወካይ» ይባላል። በጠቅላላው 47 ወንበር ነው። ብዙ ኬንያውያን ወንበሩን ጌጥ ነው፣ ወጪ ነው እያሉ ያጣጥሉታል። ልብ ያላሉት ነገር አለ። አንድ ተራ የፓርላማ ተወዳዳሪ የሚዞረው አንዲት የምርጫ ክልል ብቻ ነው። የሴት ተወካይ የምትሆነው ግን ካውንቲውን ሙሉ ማዳረስ አለባት። አገረ ገዥ ለመሆን የሚዞረው ሰው የሚሄድበትን መንደር ሁሉ ትሄዳለች፣ ያንኑ መራጭ ታገኛለች። ከተመረጠች በኋላም የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት የሚደገፉበትን የመንግሥት ፈንድ በካውንቲዋ ትመራለች። አምስት ዓመት እንዲህ ከሠራች ስሟን የማያውቅ ቤት አይኖርም።

የሆማ ቤይዋን ግላዲስ ዋንጋን ይመልከቱ። ከ2013 ጀምሮ ሁለት ጊዜ የሴት ተወካይ ሆነው ተመርጠዋል። በ2022 አገረ ገዥ ሆኑ። የሜሩዋ ካዊራ ምዋንጋዛም ከሴት ተወካይነት ነው ወደ አገረ ገዥነት ያለፉት፤ ያውም ያለ ፓርቲ፣ በግል ተወዳድረው።

ሌሎቹም ከባዶ አልተነሱም። የክዋሌዋ ፋጡማ አቻኒ አገረ ገዥ ከመሆናቸው በፊት ሁለት ሙሉ የሥራ ዘመን ምክትል ነበሩ። የናኩሩዋ ሱዛን ኪሂካ መጀመሪያ የካውንቲው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ቀጥሎ ሴኔተር ሆነዋል። የኪሪንያጋዋ አን ዋይጉሩ ሚኒስትር ነበሩ። የኤምቡዋ ሴሲሊ ምባሪሬ በፓርላማ የቆዩ ናቸው፤ በ2017 ለአገረ ገዥነት ሞክረው አልተሳካላቸውም። የማቻኮሷ ዋቪንያ ንዴቲ ደግሞ በ2013 ተሸነፉ፣ በ2017 ተሸነፉ፣ በ2022 አሸነፉ። ይህን ጽናት ሳላደንቅ አላልፍም። ሰባቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ከዚያ በፊት ሕዝብ የሚያውቃቸው መሆናቸው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለምርጫ ቦርዱ የሚከፈለው የምዝገባ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለአገረ ገዥነት 50,000 ሽልንግ፣ ለሴቶች ግን ግማሹ 25,000 ነው። ፓርቲዎች ለእጩነት የሚያስከፍሉት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሴቶች የሚቀንሱ ፓርቲዎች አሉ።

ይህ ግን ገና ደጃፉ ነው። ትልቁ ወጪ መኪና፣ ነዳጅ፣ ፖስተር፣ የድምፅ ማጉያና የታዛቢዎች አበል ነው። በእያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ ቆጠራውን የሚከታተል ሰው ያላስቀመጠ ተወዳዳሪ ድምፁን ሜዳ ላይ እንደጣለ ይቆጠራል። በዚያ ላይ መራጩ ከተወዳዳሪ እጅ መጠበቅ ለምዷል። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለቀብር የሚሆን መዋጮ «ሃራምቤ» ይባላል፤ ተወዳዳሪ ባዶ እጁን አይመጣም።

ስንት ይሆናል? ስለ 2017ቱ ምርጫ የተደረገ አንድ ጥናት ለሴኔት የተወዳደረ ሰው በአማካይ ወደ 35 ሚሊዮን ሽልንግ እንዳወጣ አሳይቷል። ሴኔተር የሚወዳደረው በዚያው በሙሉ ካውንቲ ነው፤ የአገረ ገዥው ወንበር ደግሞ ከሴኔቱ ይልቅ ይፈለጋል። አሁን ይህን ከደመወዙ ጋር ያስተያዩት። ከ2017ቱ ምርጫ በኋላ የአገረ ገዥ ደመወዝ በወር 924,000 ሽልንግ ገደማ ነበር። በአምስት ዓመት ግብር ሳይቆረጥ ወደ 55 ሚሊዮን ይመጣል። ስለዚህ ሀብታም ወይም ሀብታም ደጋፊ ያለው ካልሆነ ወደዚህ ውድድር መግባት ይከብደዋል። ለሴት ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ባንክ ብድር ሲጠየቅ ዋስትና ይላል፤ ዋስትናው መሬት ነው፤ መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ስም ነው የተመዘገበው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ለሴት እኩል መብት ቢሰጥም በቤተሰብ እጅ ያለው ካርታ እስኪለወጥ ጊዜ ይወስዳል።

ከገንዘብ ሌላ ሴትን ብቻ የሚያስከፍል ነገርም አለ፤ ጋብቻዋ። የቦሜቷ ጆይስ ላቦሶ በ2017 ሲወዳደሩ ባለቤታቸው ከሌላ ብሔረሰብ በመሆናቸው ተቀናቃኞቻቸው «ባገባሽበት ሂጂና ተወዳደሪ» የሚል ዘመቻ ከፍተውባቸው ነበር። ዋቪንያ ንዴቲም የኬንያ ተወላጅ ያልሆነ ሰው በማግባታቸው ተመሳሳይ ነገር ሰምተዋል። እንግዲህ ያስቡት። ሴት በተወለደችበት ስትወዳደር «አግብታ ሄዳለች» ትባላለች፤ በባሏ አገር ስትወዳደር «መጤ ናት» ትባላለች። ወንድን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ላቦሶም ንዴቲም በተወለዱበት ተወዳድረው ማሸነፋቸው ለሌሎች መንገድ ከፍቷል።

ተመረጡ እንበል። ከዚያስ? ብዙ የሚባልላቸውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፤ አንዷን ብቻ ልጥቀስ። ቻሪቲ ንጊሉ በ1997 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ፣ በ2017 የኪቱዊ አገረ ገዥ የሆኑ ሴት ናቸው። ዛፍ እየተጨፈጨፈ ከካውንቲው ይወጣ የነበረውን የከሰል ንግድ በ2018 ከለከሉ። የልብስ ስፌት ፋብሪካም አቋቋሙ፤ በ2020 ኮቪድ ሲገባ ይህ ፋብሪካ የአፍ መሸፈኛ ጭምብል ወደ ማምረት ዞረ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከካውንቲው ምክር ቤት ጋር መኖር ነው። ምክር ቤቱ አገረ ገዥውን ከሥልጣን ለማንሳት ክስ ማቅረብ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምክር ቤቱ አባላት ሁለት ሦስተኛው ከደገፉት ጉዳዩ ናይሮቢ ወዳለው ሴኔት ይሄዳል። ሴኔቱ ወይ 11 አባላት ያሉት ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ወይ ሙሉ ሆኖ ያያል። ክሱ ከጸና አገረ ገዥው ይወርዳል፣ ምክትሉ ይተካል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው።

ይህ በሴቶች ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2020 የኪያምቡና የናይሮቢ ወንድ አገረ ገዦች በዚሁ መንገድ ተነስተዋል። እንዲያውም ናይሮቢ በ2021 መጨረሻ የመጀመሪያዋን ሴት አገረ ገዥ አን ካናኑን ያገኘችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክትል ሆነው ቆይተው ወንበሩን ያዙ። ዋይጉሩም በ2020 በምክር ቤታቸው ተከሰው የሴኔቱ ኮሚቴ ነፃ አድርጓቸዋል።

የካዊራ ምዋንጋዛ ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል። በኦገስት 2022 ተመረጡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያው ክስ መጣ፤ ሴኔቱ አልተቀበለውም። በ2023 ሁለተኛው መጣ፤ ይህም ውድቅ ሆነ። በኦገስት 2024 ሦስተኛው መጣ፤ ሴኔቱ አጸናው። ፍርድ ቤት ለጊዜው ቢያግደውም በማርች 2025 ውሳኔው ጸንቶ ከሥልጣን ወረዱ። ከሳሾቻቸው ሕግን መጣስና ሥልጣንን ያለ አግባብ መጠቀም የሚሉ ክሶች አቅርበው ነበር፤ እሳቸው ክደዋል። የክሱን ዝርዝር ወደ ጎን ብንተወው እንኳ አንድ ትምህርት ይገኝበታል። በግል መወዳደር በምርጫ ጊዜ ነፃነት ነው። ከምርጫው በኋላ ግን በምክር ቤቱ ውስጥ «የፓርቲያችን ሰው ናቸው» ብሎ የሚቆምልዎ ቡድን አይኖርም። አብዛኛው አባል ከተቃራኒው ወገን ሲሆን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሰባሰብ አያስቸግርም።

«በእኛስ አገር?» ይሉ ይሆናል። መንገዱ የተለየ ነው። የክልል ርእሰ መስተዳድር በሕዝብ ድምፅ በቀጥታ አይመረጥም፤ የክልሉ ምክር ቤት ነው የሚሾመው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ኡሞድ በ2016 ዓ.ም. የጋምቤላ ክልል ፕሬዚዳንት የሆኑት በክልሉ ምክር ቤት ነው። ወይዘሮ አዳነች አቤቤም በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከንቲባ የሆኑት እንዲሁ በከተማው ምክር ቤት ነው። በዚህ መንገድ ሴቲቱ ለራሷ ምርጫ በየመንደሩ ገንዘብ መርጨት አይጠበቅባትም። በሌላ በኩል ቁልፉ በፓርቲው እጅ ነው፤ ፓርቲው ካልፈለጋት ሕዝቡ ቢወዳትም መንገድ የላትም። እኔ የኬንያው ይሻላል እላለሁ፤ ውድና አድካሚ ቢሆንም ስሟን ይዛ የቆመችው ሴት ለመራጩ በቀጥታ ትታያለች።

የኬንያ ቀጣይ ምርጫ በኦገስት 2027 ነው። ዋይጉሩ ሁለተኛ ዘመናቸውን ስለሚጨርሱ ለዚህ ወንበር ዳግመኛ አይቀርቡም። ምርጫውን የሚከታተሉ ከሆነ በአገረ ገዥነት ያሸነፉትን ሴቶች ብቻ ቆጥረው አያቁሙ። የምክትሎቹንና የሴት ተወካዮቹንም ስም ይያዙ፤ በ2032 ለአገረ ገዥነት የሚቀርቡት ሴቶች አብዛኞቹ ከዚያ መሃል ይሆናሉ።