ለፋሲካ ሳሎኑ ይሰፋል?

ፋሲካ ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያን በፆም ማብቂያ ምን አስፈለጋት ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ተራው የኛ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ እኛ ጋ ነው የሚያሳልፈው፤ እባክሽ ሳሎኑን ትንሽ ሰፋ አድርጊልን።» የሚደውሉልኝ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ናቸው።

ግድግዳ ለማፍረስ ያሰቡትን ቶሎ ተስፋ አስቆርጣቸዋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የውኃ ቱቦ ይዟል። ምሰሶውና ቢሙ ደግሞ የአንድ አባወራ ንብረት አይደሉም፤ በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁሉም ነዋሪ ናቸው። ቢፈርስስ ምን ይገኛል? ቢበዛ አንድ ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ።

እኔ ሜትሬን አውጥቼ መጀመሪያ የምለካው ሶፋውን ነው። 14 ካሬ ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ የተለመደው ኤል ሼፕ ሶፋ ብቻውን ወደ 4 ካሬ ይይዛል። ጠረጴዛው፣ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫና ቡፌው ሲጨመሩ ከወለሉ ግማሽ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ የሚቀመጠው ሰው ግን ከስድስት አይዘልም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠውም ጎኑ ያለው ካልተነሣለት መውጫ የለውም። አንዲት ደንበኛዬ ቤት ልክ ስወስድ ከደብረ ብርሃን የመጡ የባለቤቷ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ መቀመጫ ነው ወይስ ሌላ ክፍል?» አሉኝ ሶፋውን በአገጫቸው እያሳዩ። ለደንበኛዬ በጨዋ ቋንቋ እንዴት ልንገራት ስል የነበረውን እሳቸው ጨረሱልኝ።

ሶፋውን ማውጣት እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በደረጃው አልዞር ብሎ በበረንዳ በኩል በገመድ ተጎትቶ የገባ ዕቃ ለአንድ በዓል ተብሎ አይወርድም። ስለዚህ የምለው ሌላ ነው፤ ጠረጴዛው አልጋ ሥር ወይም በረንዳ ይግባ፣ ሶፋው ግድግዳውን ይጠጋ፣ መሀሉ ይለቀቅ። ከዚያ መሶቡ ይምጣ።

መሶብ ስል ለወግ ያህል አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርቼ ነው። ስድስት ሰው የሚያስተናግድ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ተስቦ ሰው እስኪቀመጥበት ድረስ 8 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። መሶብ ዙሪያ በበርጩማ ጠጋ ጠጋ ብለው የተቀመጡ ስድስት ሰዎች ከ3 ካሬ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ክብ ውስጥ ይበላሉ። መሶቡ ከሌለ ሰፊ ትሪ በዱካ ላይ ያው ነው። በርጩማው ሲበቃ ተደራርቦ ጥግ ይይዛል። አገር ቤት ያደገ ሰው ሳይማር የሚያውቀውን እኛ በትምህርት ቤት ረስተን በሜትር መልሰን አገኘነው።

ደግሞስ ሃያ እንግዳ ሲባል ሃያ መቀመጫ መቁጠር ምን ይባላል? የእኛ በዓል በሰዓት ተቀጥሮ፣ ሁሉም አንዴ ተቀምጦ፣ አንዴ የሚነሣበት ራት አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው ሲያልቅ ይጀመርና እስከ ማታ ይዘልቃል። በጠዋት የመጡት ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። ታላላቆች ይቀድማሉ፣ ልጆች መኝታ ክፍል ምንጣፍ ላይ ይበላሉ፤ እነሱም ይኼን ይመርጡታል። ለእህት ወንድም ሰዓት ማከፋፈል ነውር የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ «እናንተ ለምሳ፣ እናንተ ለቡና» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የሚኖር ሰው ግን እናቱን አስቀድሞ ያስብ። እሳቸው ማልደው፣ ደረጃው ሳይጨናነቅ ወጥተው፣ አንዴ ከተቀመጡ እስከ ማታ አይነሡ።

ወጥ ቤቱ ላይ ብዙ አልልም። እንጀራው ከስቅለት በፊት ይጋገር፣ ሽንኩርቱም አስቀድሞ ይከተፍ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ከምድጃው ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ። የበግ ሞራና የወጥ ቅባት በዕቃ ማጠቢያው አይፍሰስ፤ ቱቦው ውስጥ ይረጋና ከታች ያለው ጎረቤት በዓሉን መጥረጊያ ይዞ ይውላል።

ቄጠማው ግን አንድ ነገር ያናግረኛል። በአፈር ወለል ላይ ያማረው ቄጠማ እርጥብ ሆኖ ሴራሚክ ላይ ሲጎዘጎዝ ያዳልጣል። ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መተላለፊያ ባዶ ተዉት፤ ቡናው የሚፈላበት ጥግ ላይ ይበቃል። ከሰሉም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ፍም እስኪሆን ይቆይ፣ ከገባ በኋላም መስኮት ይከፈት። ጭሱ አልቋል ማለት አደጋው አልቋል ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ቅዝቃዜ ፈርቶ ሁሉን ዘግቶ ዕጣን የሚያጨስ ቤት ስገባ ሰላምታዬ በመስኮቱ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ኮንዶሚኒየሞቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ በስፋት መሠራት ሲጀምሩ ያቀዷቸው ሰዎች በዓል እነዚህ ቤቶች ውስጥ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው በየብሎኮቹ መሀል ኮሚናል የምንለው ቤት የተሠራው፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። የሳሎናችን ቀሪ ክፍል እዚያ ታች ነው ያለው ማለት ይቻላል። ዛሬ በብዙ ቦታ ኮሚናሉ ሱቅ ሆኗል፣ መጋዘን ሆኗል፣ ተከራይቷል። በጉ ታዲያ የት ይታረዳል? ደረጃ ሥር፣ አንዳንዴም አራተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶችም ሥጋውን የሚመድቡት መኪና ማቆሚያ ላይ ሸራ ዘርግተው ነው። ኪራዩ ለጥበቃና ለጽዳት ይውላል የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ፤ ለዓመት ሙሉ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ለበዓል ሰሞን ግን አይሆንም።

ስለዚህ ለሳሎን ማስፊያ ከመደወላችሁ በፊት ለማኅበራችሁ ደውሉ። የኮሚናሉ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቁ። ተከራይቶ ከሆነም ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለመስቀልና ለአረፋ ለነዋሪው ክፍት እንዲሆን በሚቀጥለው ስብሰባ ውሉ ውስጥ አስገቡ።