ጭነትና የእንስሳ ጀርባ

በሐርጌሳ መንገዶች በጋሪ ውሃ የሚጎትቱ አህዮችን ታያላችሁ። ከከተማው ውጭ አርብቶ አደሮች ቤታቸውን ነቅለው ምሰሶውንና ምንጣፉን በግመል ይጭናሉ። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው በኢትዮጵያም እህል በአህያ ጀርባ ገበያ ይደርሳል። በሌላው ዓለም ውሻም ይጫናል። በ16ኛው መቶ ዓመት ስፔናውያን ፈረስ ከማምጣታቸው በፊት የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነዋሪዎች ዕቃቸውን በውሻ ያጓጉዙ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ተራራ ወጪዎች በግራና በቀኝ ኪስ ያለው ከረጢት ለውሻቸው ያስሩለታል። እንስሳው ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ጭነት በጎንና በጎን እንጂ በአከርካሪ ላይ አያርፍም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአከርካሪው ጫፍ ላይ ያለው ሥጋ ስስ ነው። ገመድ ወይም እንጨት ሲጫነው ደም በደንብ አይዘዋወርም፤ ቆዳውም ይቆስላል። አህያው ተገጠበ የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ ከጭነቱ ሥር በግራና በቀኝ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ይነጠፋል፤ መሐሉ ግን ክፍት ይተዋል። ያን ጊዜ ክብደቱን የሚሸከሙት የጎድን አጥንቶች ይሆናሉ።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ይንሸራተታል፣ ቆዳውንም ይፍቃል። በባለ ሁለት ጎማ ጋሪም እንዲሁ ነው። ዕቃው ወደ ፊት ከበዛ ክብደቱ በአህያው ላይ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ከበዛ ደግሞ የታሰረበት ጠፍር ሆዱን ወደ ላይ ያንቀዋል።

ሦስተኛው ልክ ነው። ለአህያ ጀርባ ከራሱ ክብደት ከሲሶ በላይ መጫን አይገባም። ለውሻ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይበቃል፤ ያላደገ ቡችላ ግን ፈጽሞ አይጫንም።

ጭነት ባወረዳችሁ ቁጥር ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱ። ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ጠጉሩ የተላጠ ቦታ ካገኛችሁ እስኪድን ድረስ አትጫኑት። በጥቁር ጀርባ ላይ የምታዩት ነጭ ጠጉር ብዙውን ጊዜ የድሮ ቁስል ምልክት ነው። አህያው ሲገጠብ ሥራ ይቆማል፤ በእሱ የሚተዳደረው ቤተሰብም የዕለት ገቢውን ያጣል። የደከመውን አህያ በዱላ ከመምታት በፊት ጭነቱን መመርመር ይሻላል።

መልመጃ፦ አንድ አህያ 135 ኪሎ ይመዝናል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት መጫን ይቻላል? ሦስት መጫን የማይገባበትን ሁለት ምክንያት ጻፉ።