አንቲቦዲና የወባ ምርመራ

ከአጅባር ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ይዞት ጤና ኬላ ቢሄድ፣ ጣቱ ተወግቶ የደሙ ጠብታ በአንዲት ጠባብ የላስቲክ መመርመሪያ ላይ ይደረጋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ቀያይ መሥመሮች ይታያሉ። በላቦራቶሪ ትምህርት «አንደኛ አንቲቦዲ»፣ «ሁለተኛ አንቲቦዲ» እየተባለ ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን ነገር በዚህችው ዕቃ ውስጥ ይገኛልና፣ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ከፍተን እንያት።

አንቲቦዲ ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ነው፤ ጫፉም የሚጨብጠው ለርሱ ልክ የሆነውን ቅርጽ ብቻ ነው። ኮለርና ሚልስታይን በ1975 እ.ኤ.አ. የአይጥን ሕዋሳት አዋሕደው አንድ ዐይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጡ የሚሠሩ ሕዋሳትን ካስገኙ ወዲህ ግን በጠርሙስ የሚገዛ መሣሪያ ሆኗል።

በመመርመሪያዋ ውስጥ የወርቅ ብናኝ የተለጠፈበት አንቲቦዲ ደርቆ ይጠብቃል። (ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቀይ ይሆናል፤ የምናየው ቅላት የርሱ ነው።) አንደኛ አንቲቦዲ የምንለው ይህ ነው። የሚፈልገውም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ደም የሚለቀውን ኤች.አር.ፒ.2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ፈሳሹ ሲጓዝ አንቲቦዲው ፕሮቲኑን ይዞ ይሄዳል፤ በምርመራው መሥመር ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ያንኑ ፕሮቲን በሌላ በኩል ይጨብጠዋል። ወርቁም እዚያ ተከማችቶ መሥመሩ ይቀላል። ቫይቫክስ ይህን ፕሮቲን ስለማይሠራ ለርሱ የተለየ መሥመር አለ፤ ለጊዜው እንተወው።

በመቆጣጠሪያው መሥመር ላይ ያለው አንቲቦዲ ግን ወባን ከነጭራሹ አያውቅም። የሚይዘው ወርቅ የተሸከመውን የአይጥ አንቲቦዲ ራሱን ነው፤ መጻሕፍቱ ሁለተኛ የሚሉት ዐይነት ነው። እንግዲህ ይህ መሥመር ሲቀላ ፈሳሹ እስከዚያ መድረሱን ይመሰክራል እንጂ ሰውየው ጤነኛ ነው አይልም።

ተሕዋሱ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ጂን ቢጥለውስ? ነገሩ በመጀመሪያ በፔሩ አማዞን ተገኝቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኋላም በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የጠረፍ ወረዳዎች ከ12,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ጥናት ተደረገ። በጂኑ መጥፋት ምክንያት ብቻ ይህ ምርመራ ከመቶ የፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 ያህሉን እንደሚስት ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይለወጥ የሚልበት ወሰን ከመቶ 5 ነው። መተማም ያለችው በዚያው በሱዳን ጠረፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ ወባው ያልታየለት ሰው መድኃኒት አለመውሰዱ ነው። ጂኑን የያዘው ተሕዋስ በመድኃኒት ሲጠፋ የጣለው ግን ተርፎ ይራባል፤ ምርመራችን የሚያመልጠውን ዘር ራሱ እየመረጠ ያረባል ማለት ነው። በአንጻሩ ፕሮቲኑ ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ የዳነውን ሰው «ታሟል» ሊለው ይችላል።

ከዚህ ለመውጣት የተያዘው መንገድ ኤል.ዲ.ኤች. የተባለውን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ መጠቀም ነው። ተሕዋሱ ከስኳር ኀይል የሚያወጣው በርሱ ስለ ሆነ እንደ ፊተኛው በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። ሆኖም ተሕዋሱ በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን መሥመሩ ይደክማል፤ ያን ጊዜ የሠለጠነ ዐይንና ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።