ክረምት ሳይገባ የዶሮ ባለቤቶች ሊመክሩበት የሚገባ ነገር

የግንቦት ወር ወደ ማለቂያው ሲቃረብና ከሰዓት በኋላ ደመናው በእንጦጦ ራስ ላይ መከማቸት ሲጀምር፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ የየራሱ ሐሳብ ይይዘዋል። አንዱ ስለ ቤቱ ክዳን፤ ሌላው ስለ ማገዶው፤ ሌላውም ስለ ጐርፍ መውረጃው ያስባል። በጓሮው ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለበት፤ ይኸውም ከዶሮዎቹ ውስጥ ክረምቱን ተሻግረው የመስከረምን ፀሐይ የሚያዩት ስንቶቹ ይሆኑ ይሆን የሚለው ነው።

ስለዚህም በዚህ ወራት ጐረቤታሞች ቡና ለመጠጣት በተሰበሰቡ ጊዜ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ ዶሮ ይመለሳል። አንደኛዋ እመቤት ዶሮዋቸው እንቍላል መጣል እንዳቆመችባቸው ይናገራሉ፤ ሁለተኛዋ ሸለምጥማጥ በሌሊት ገብቶ ያደረሰውን ጥፋት ያወራሉ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ አውራ ዶሮዎቻቸውን አሁን ይሸጡ ወይስ እስከ ዕንቍጣጣሽ ያቆዩ ዘንድ ምክር ይጠይቃሉ። ይህ ጨዋታ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ተራ ወሬ ይመስለዋል። ነገር ግን በብዙ ቤት የጨው፤ የቡናና የልጆች ደብተር ዋጋ የሚወጣው ከእንቍላልና ከዶሮ ገንዘብ ስለ ሆነ፤ ነገሩ የቤተ ሰብ ኑሮ ነገር ነው። እኛም ይህን ጨዋታ በዚህ ገጽ ላይ ልናነሣው የወደድነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ዶሮ በክረምት እንቍላል መጣል ለምን እንደምትቀንስ እንመልከት። በአውሮፓ አገር ነገሩን የሚያመጣው የብርሃን ማነስ ነው። ዶሮ በደንብ ትጥል ዘንድ በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ያስፈልጋታል፤ በሎንዶን ከተማ ግን በብርዱ ወራት አጭሩ ቀን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእኛ አገር እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ክረምት ከዶሮዎቻችን የሚወስድባቸው ብርሃንን ሳይሆን ደረቅ መኝታንና በቂ መብልን ነው። ይህም ደግሞ በባለቤቱ እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለ መኝታው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብርዱን በመፍራት የዶሮውን ቤት ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ነገር ግን የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነና ላባዋም መልካም ልብስ ስለ ሆነላት፤ ደረቅ ሆና ካደረች የደጋን ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። ቤቱ በተደፈነ ጊዜ እስትንፋሷና ኩሷ የሚያወጡት እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ሽታውም ዓይኗንና ሳንባዋን ይጐዳል። ስለዚህ ወለሉን ከመሬት ከፍ ማድረግ፤ ቆጡን በውስጡ ማበጀት፤ ነፋስ በማይመታው በኩል ከላይ መተንፈሻ መተው፤ ጭዱንም እርጥበት በነካው ቍጥር መለወጥ ይገባል። እርጥብ ጉዝጓዝ ይልቁንም በጫጩቶች ላይ ደም የሚያስቀምጣቸውን በሽታ ያመጣል።

ስለ መብሉ ደግሞ እህል በክረምት እንደሚወደድ የታወቀ ነው፤ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነውና። በዚህ ጊዜ የወጥ ቤቱ ፍርፋሪ፤ የእህሉ ግርድና የጐመኑ ቅጠል ትልቅ ርዳታ ነው። የእንቍላሉንም ቅርፊት አድቅቆ መመለስ ለሚቀጥለው እንቍላል ቅርፊት ብርታት ይሰጣል። የሻገተ እህል ግን መርዝ አለበትና ለሰው አይሆንም ተብሎ ለዶሮ ሊሰጥ አይገባውም።

የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቍላል ያህል ነው። ከውጭ አገር የመጡት ዘሮች መልካም እንክብካቤ ያገኙ እንደ ሆነ ከ250 በላይ ይጥላሉ፤ ነገር ግን የአገራችን ዶሮ ራሷ ታቅፋ፤ ራሷ ፈልፍላ፤ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ስለምትጠብቅ በብዙ ቤት እስከ ዛሬ ተወዳጅ ሆና ትኖራለች። ስለ ማስታቀፍም አንድ ምክር አለን። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሚጀምረው ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ቀን ስለሚቆይ፤ በጾሙ ወራት እንቍላል የሚበላው ሰው ያንሳል፤ የሚገዛውም እንዲሁ። ስለዚህ የተጠራቀመውን እንቍላል ለዶሮዋ ማስታቀፍ ደስ ይላል። ነገር ግን እንቍላሉ በ21 ቀን ስለሚፈለፈል፤ በሰኔ የታቀፈው ጫጩት የሚወጣው ዝናሙ በበረታበት በሐምሌ ነው። ደረቅና ሙቅ ስፍራ ያላዘጋጀ ሰው ዝናሙ እስኪያባራ ቢታገሥ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዶሮ ባለቤቶች ጨዋታ ውስጥ ስሙ በፍርሃት የሚጠራ አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ፈንግል ነው። በ1926 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ስለ ታየ፤ በውጭ አገር በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዝናም በሚጀምርበት ወራት ነው። ዶሮዋ ትደበታለች፤ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ለመተንፈስ ትቸገራለች፤ አንገቷም ይጠማዘዛል፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ጓሮው ባዶ ይቀራል። ነጭ ሽንኵርት፤ ፌጦና ሎሚ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

የዚህ በሽታ መስፋፋት በአብዛኛው ከሰው ሥራ የተነሣ ነው። አንዲት ዶሮ ደብቷት የታየች እንደ ሆነ ባለቤቱ ሳትሞትብኝ ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ ይወስዳታል። የገዛውም ሰው ከጤነኞቹ ጋራ ይቀላቅላታል። እንዲህ እየሆነ የአንድ ቤት ጕዳት የሰፈር፤ የሰፈሩም የወረዳ ጕዳት ይሆናል። ሌላው ደግሞ የዕንቍጣጣሽን ዋጋ በመመኘት አውራ ዶሮዎቹን ሁሉ ሳያስከትብ ያቆያል፤ በሰኔም ሁሉም ያልቁበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የዚህ ሁሉ መከላከያ ክትባት ነው። በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቢሾፍቱ የተቋቋመው፤ ለእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፈንግልንም ክትባት ይሠራል። ከክትባቱም ዓይነቶች አንዱ ሙቀትን የሚታገሥ ሆኖ፤ በዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ በማድረግ የሚሰጥና በየ3 ወይም በየ4 ወሩ የሚደገም ነው። ኀይሉ የሚጸናው 2 ሳምንት ያህል ቈይቶ ስለ ሆነ፤ በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም። ጊዜው ዝናሙ ሳይበረታ አሁን ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ክትባቱ በጠርሙስ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ልክ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ኀይሉን ያጣል። 5 ዶሮ ያላት አንዲት መበለት ይህን ለብቻዋ ገዝታ የቀረውን ልትደፋው አትችልም። ስለዚህ ሳታስከትብ ትቀራለች፤ በእርስዋም ጓሮ በሽታው ይገባል፤ ከእርስዋም ጓሮ ወደ ሌላው ያልፋል።

ሰፊ ግቢና መልካም አጥር ያላቸው አንባቢዎቻችን ይህ እኛን አይነካንም እንዳይሉ አደራ እንላለን። በሽታው በጫማ ላይ፤ በእንቍላል መያዣ ቅርጫትና ከገበያ በተገዛች ዶሮ አጥሩን ይሻገራል። ስለዚህ ዐቅም ያለው ቤት ክትባቱን ገዝቶ ወይም ዋጋውን ከጐረቤት ጋራ አዋጥቶ፤ የእንስሳት ሐኪሙን አንድ ቀን አስጠርቶ፤ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ በአንድነት ቢያስከትብ፤ የሠራው ሥራ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የገዛ ጓሮውን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ የቡናው ጨዋታ በጨዋታ ብቻ እንዳይቀር እንለምናለን። ጐረቤታሞች ሆይ፤ ከሦስተኛው ስኒ በፊት የዶሮዎቻችሁን ቍጥር ደምሩና ቀን ቍረጡ። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ፤ የታመመችውን አትሽጡ፤ የሞተችውንም በጥልቅ ቅበሩ እንጂ በመንገድ ላይ አትጣሉ። ይህን ያደረገ ሰፈር በመስከረም ወር ማለዳ የአውራ ዶሮ ድምፅ ከየጓሮው ይሰማል፤ የልጆቹም ደብተር በጊዜው ይገዛል።