ፌስታሉ ለምን አልበሰበሰም?

በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከግቢያችን አጥር ሥር ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በአንዱ ቁራሽ እንጀራ፣ በሌላው ቁራጭ ፌስታል ቀበሩና በየሳምንቱ ውኃ እያጠጡ ቆዩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሁለቱንም ከፍተን አየን። የእንጀራው ዱካ እንኳ አልተገኘም። ፌስታሉ ግን አፈሩ ሲራገፍለት በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበብ ነበር። አንዲት ተማሪ «ለምን አልበሰበሰም?» ብላ ጠየቀች። እኛም ለዓመታት እንደለመድነው «ፕላስቲክ ስለሆነ ነው» ብለን መለስን። እርሷ ግን «ፕላስቲክ መሆን ማለት ምን ማለት ነው?» አለች።

የአንድን ነገር ስም መጥራት ምክንያቱን መግለጥ እንዳልሆነ ያን ዕለት ተማሪያችን አስታወሰችን። ይህ ጽሑፍ ለእርሷና ለጓደኞቿ የዘገየ መልሳችን ነው። ወላጆችም አብረው እንዲያነቡት እንጋብዛለን። (ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለሐርጌሳ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በእሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ ተሰክተው ነፋስ የሚያውለበልባቸውን ፌስታሎች የከተማው ሰው በምፀት «የሐርጌሳ አበባ» ይላቸው ነበር። በ2005 የሶማሌላንድ መንግሥት ፌስታልን እስከ መከልከል ደርሷል። በኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በስስ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሏል። ፍየል ፌስታል ከበላች ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ኑሮው በከብት ላይ ለቆመ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መልሱን ከሻማ እንጀምር። ተራው የፓራፊን ሻማ የተሠራው ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ነው። ፌስታልም የተሠራው ከእነዚሁ ከሁለቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ የርዝመት ነው። በሻማው ውስጥ አንዱ ሞለኪውል በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ የካርቦን አቶሞች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው። በፌስታሉ ውስጥ ግን በአንድ ሰንሰለት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የካርቦን አቶሞች ተቀጣጥለዋል። ጥጥ የፈተለች እናት ነገሩን ወዲያው ትረዳዋለች፤ አጭር ጭረት ያለው ጥጥ ፈትሉ ቶሎ ይበጠሳል፣ ረጅም ጭረት ያለው ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። ሻማ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ፌስታል ሲሳብ ይለጠጣል። ከትናንሽ ክፍሎች ተቀጣጥሎ የተሠራ እንዲህ ያለ ረጅም ሞለኪውል ፖሊመር ይባላል።

ዛሬ ይህን በአንድ አንቀጽ እንናገረዋለን እንጂ፣ ሳይንቲስቶች እዚህ ለመድረስ ብዙ ተከራክረዋል። በ1861 ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግራሃም ጨውና ስኳር በውኃ ውስጥ ሟሙተው በስስ ሽፋን በኩል ቶሎ ሲያልፉ፣ ሙጫ፣ ስታርችና ጄላቲን ግን ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳዩ። ለእነዚህ ዘገምተኞችም «ሙጫ» ከሚለው የግሪክ ቃል «ኮሎይድ» የሚል ስም አወጡላቸው። ከግራር የምንለቅመው ሙጫ ከእነዚህ ወገን ነው። አብሽና ተልባ ሲዘፈዘፉ የሚወጣው ዝልግልግ ነገርም እንዲሁ። ነገር ግን የማለፍ ችግራቸው ከምን እንደመጣ በጊዜው አልታወቀም። ብዙዎቹ ኬሚስቶች ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የፈጠሩት ክምር ነው ብለው አመኑ።

በ1920 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ያስተምሩ የነበሩት ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር የተለየ ሐሳብ አቀረቡ። ጎማ፣ ስታርችና ጥጥ ክምር አይደሉም፤ አቶሞቻቸው በእውነተኛ የኬሚካል ማሰሪያ ከዳር እስከ ዳር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው አሉ። ሐሳቡ ተቃውሞ ገጠመው። ታዋቂው ኬሚስት ሃይንሪሽ ቪላንድ እንኳ የትልልቅ ሞለኪውሎችን ነገር እንዲተዉት መክረዋቸዋል።

ሽታውዲንገር ግን ተቃዋሚዎቻቸውን በሙከራ ፈተኗቸው። ተቃዋሚዎቹ የጎማን ትናንሽ ሞለኪውሎች አንድ ላይ የሚይዛቸው በውስጣቸው ካሉት ድርብ ማሰሪያዎች የሚመነጭ ደካማ መሳሳብ ነው ይሉ ነበር። እንግዲያው ጎማው ላይ ሃይድሮጂን ጨምረን ድርብ ማሰሪያዎቹን ብናጠፋ ክምሩ ሊበተንና ጎማው እንደ ቤንዚን በሙቀት የሚተን ተራ ፈሳሽ ሊሆን ይገባል። በ1922 ከተማሪያቸው ጋር ሠርተው ባሳተሙት ጥናት የሆነው ሌላ ነው። ድርብ ማሰሪያዎቹ ጠፉ፣ የተገኘው ነገር ግን አልተበተነም፤ ሲሟሟም እንደ ጎማው ሁሉ ወፍራምና ዝልግልግ ፈሳሽ ሰጠ። ኋላም ሙሙቱ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ለመውረድ የሚወስድበትን ጊዜ እየለኩ፣ ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን ፈሳሹ እንደሚዘገይ አሳዩ። በ1953 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 72 ደርሶ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ሌሎች ሰንሰለቱን በእጃቸው ለመሥራት ተነሡ። አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ከ1928 ጀምሮ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ አንዱን ሞለኪውል በሌላው ላይ በታወቀ መንገድ እየቀጠሉ ሄዱ። በ1930 ረዳታቸው ጁልያን ሂል የመስታወት ዘንግ ቀልጦ ከቆየ ፖሊመር ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ሲስቡት እንደ ሐር ያለ ክር ተከትሎ ወጣ። ሲለጥጡትም ክሩ ይበልጥ ጠነከረ፤ የተጠላለፉት ሰንሰለቶች በአንድ አቅጣጫ ተሰለፉና። ናይለን በ1935 የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው።

የፌስታላችን ነገር ግን ያልታሰበ ግኝት ነበር። በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ አገር ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት የተባሉ ኬሚስቶች ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ከሌላ ኬሚካል ጋር ለማዋሐድ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት ከሺህ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት አመቁት። ያሰቡት ውሕደት አልሆነም። ዕቃው ሲከፈት ግን እንደ ሰም ያለ ጥቂት ነጭ ነገር አገኙ። ሙከራው ሲደገም አንዳንዴ ይፈነዳ ስለነበር ተተወ። በታኅሣሥ 1935 እንደገና ሲሞከር ዕቃው አፈተለከና ተጨማሪ ጋዝ ተሞላበት፤ በዚያ ጋዝ ውስጥ የነበረችው ጥቂት ኦክስጅን የሰንሰለቱ መቀጠል ማስጀመሪያ ሆነች። የተገኘውም ፖሊኤቲሊን ነው፤ ዛሬ ስኳርና ቲማቲም የምንይዝበት ፌስታል።

እናንተም ቤታችሁ የምትሠሩት ሙከራ አለ። ወፍራም ላስቲክ ከንፈራችሁ ላይ አስጠግታችሁ በፍጥነት ለጥጡት፤ ሞቅ ይላል። ጥቂት ቆይታችሁ ስትለቁት ይቀዘቅዛል። ይህን ከንፈራቸውን እንደ መሣሪያ ተጠቅመው የመረመሩትና በ1805 ያሳተሙት ዓይነ ስውሩ እንግሊዛዊ ጆን ጎፍ ናቸው። ምክንያቱ የታወቀው ሰንሰለቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ላስቲኩ ሲለጠጥ የተዘበራረቁት ሰንሰለቶች ይሰለፋሉ፣ ሙቀትም ይሰጣሉ፤ ሲለቀቅ ተመልሰው ለመዘበራረቅ ሙቀት ይወስዳሉ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጉድጓዶች እንመለስ። በእንጀራው ውስጥ ያለው ስታርችም ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር ነው። ታዲያ እርሱ ጠፍቶ ፌስታሉ ለምን ቀረ? የስታርች ሰንሰለት በየመጋጠሚያው የሚቆረጥበት ቦታ አለው፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም መቁረጫው አላቸው። የእኛም ምራቅ አለው፤ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ብታላምጡት የሚጣፍጣችሁ ስታርቹ እየተቆረጠ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ነው። የፌስታሉ ሰንሰለት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካርቦን በካርቦን ላይ የተያያዘ ነው። ሕዋሳቱ መቁረጫቸውን የሚያሳርፉበት መጋጠሚያ አያገኙበትም። የሐርጌሳ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋል፤ ብናኙ ግን ያው ፕላስቲክ ሆኖ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል።

እንግዲህ ውድ ተማሪያችን፣ መልሳችን ይህ ነው፦ ፌስታሉን ጠንካራ ያደረገውና ከአፈር ያልቀላቀለው ያው አንድ ነገር፣ ረጅሙና የማይቆረጠው ሰንሰለት ነው። ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። እነዚያ የቤተ ሙከራ ሰዎች ሰንሰለቱን እንዴት እንደሚቀጥሉት ለማወቅ ደክመዋል፤ ሥራው ካበቃ በኋላ በምን እንደሚፈታ ግን ጥያቄው ዘግይቶ ነው የመጣው። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች መቆረጫ ቦታ ያለው ፖሊመር ለመሥራት እየጣሩ ነው፤ ሥራው ገና አላለቀም፤ ለእናንተ ትውልድም ይተርፋል።

እኛም በበኩላችን ሁለቱን ጉድጓዶች በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እናስቆፍራለን። በአንደኛው የቀበርነው ያው ፌስታል ተመልሶ ይገባል። እስከዚያው ወላጆች ለልጆቻችሁ ምሳ በፌስታል ፋንታ በሳህን ወይም በጨርቅ ከረጢት ብትልኩልን፣ ቢያንስ በአጥራችን ላይ የሚያብበው «አበባ» ይቀንሳል።